አንድ ደቂቃ፣ ሁለት መጋገሪያ

ስትራንቪክ በምትባለው የባሕር ዳርቻ ከተማችን አርብ ከረፋዱ አምስት ሰዓት ሲሆን ሰው ሁሉ ሥራውን አቁሞ ዋፍል የሚባለውን ትኩስ ጣፋጭ ቂጣ ይበላል። ትምህርት ቤቱም፣ የመርከብ ጥገናውም፣ በየደሴቱ የሚዞሩት የቤት ለቤት ነርሶችም እንዲሁ ናቸው። እኔ ይህን በየሳምንቱ በስክሪኔ ላይ አየዋለሁ። አንዲት ነርስ ታብሌቷን ከፍታ የሕመምተኛዋን የመድኃኒት ዝርዝር በጠየቀች ቁጥር አንዲት አረንጓዴ መስመር ከፍ ትላለች። በሌሎቹ ቀናት ምሳ ሰዓት ላይ ትንሽ ዝቅ ብላ ትመለሳለች። አርብ ግን ልክ አምስት ሰዓት ላይ ከጠረጴዛ እንደ ወደቀ ማንኪያ ቁልቁል ትወርዳለች፤ እስከ አምስት ተኩልም ወለሉ ላይ ትቆያለች።

ስለዚህ የሰርቨሮቻችንን ማሻሻያ አርብ አምስት ሰዓት ላይ እንሥራው አልኩ።

"አርብ?" አለ ኦድቫር። "ቶሩን፣ ደህና ነሽ?"

ኦድቫር አሥራ አራት ዓመት ከጎኔ የተቀመጠ ባልደረባዬ ነው። ስድሳ አንድ ዓመቱ ነው። ግራ ጉልበቱን ያመዋል፤ ከሰኞ እስከ ሐሙስ ያጉረመርማል፣ አርብ ይስቃል። በእኛ ሙያ አርብ ቀን ሰርቨር የሚነካ ሰው ቅዳሜና እሑዱን ቢሮ ውስጥ ሊያድር የፈለገ ሰው ነው።

"መስመሯን እያት" አልኩት።

አየ። መነጽሩን ወልውሎ እንደገና አየ።

"ሁሉም አፉ ሙሉ ነው ማለት ነው።"

"ለግማሽ ሰዓት።"

"አፉ የሞላ ሰው ደግሞ ስልክ ደውሎ አይጮህብንም።"

"እሱን እኮ ነው የምልህ።"

የከተማችንና የስድስት ደሴቶች ሕመምተኞች የመድኃኒት ዝርዝር ያለው እኛ ዘንድ ነው፤ ከቢሮአችን በስተኋላ ባለችው ቀዝቃዛ ክፍል፣ በሁለት የተጣመሩ ሰርቨሮች ላይ። ሰሜን እና ደቡብ እንላቸዋለን። ሁለቱም አንድ ዓይነት መረጃ ይይዛሉ። አንዱ ይሠራል፤ ሌላው እያንዳንዷን ለውጥ እየገለበጠ ተራውን ይጠብቃል። የሚሠራው ቢወድቅ የሚጠብቀው ይተካዋል። የሚሠሩበት የመረጃ ቋት ፕሮግራም ግን አርጅቷል። ከበጋው በኋላ ለዚያ ስሪት ጥገና የሚሰጥ ስለማይኖር አዲሱን መጫን የግድ ነበር።

አውራጃው ሥራችንን ጠቅልሎ ኦስሎ ላለ አንድ ትልቅ ድርጅት ለመስጠት ማሰብ ከጀመረ ሁለት ዓመት ሆኖታል። አለቃችን ሃልቫርድ ሲሟገት ከርሞ አንድ ቅድመ ሁኔታ ይዞ ተመለሰ። ማሻሻያውን እኛው እንሠራለን፤ ነርሶቹ መረጃ የማያገኙበት ጊዜ ግን ተደምሮ ከአንድ ደቂቃ መብለጥ የለበትም። ከበለጠ ሥራው ወደ ኦስሎ ይሄዳል፤ ክፍሏም ትዘጋለች።

"ስድሳ ሰከንድ" አለ ሃልቫርድ በራችን ላይ ቆሞ። "ስድሳ አንድ ከሆነ ቁልፉን አስረክቡ ብለዋል።"

"ስድሳ አንዷን ማን ሊቆጥር ነው?" አለ ኦድቫር።

"ሰው ይልካሉ። አንዲት ሲኔቫ የምትባል መሐንዲስ።"

"ዋፍል ትበላለች?"

"ኦድቫር!"

"ምን አጠፋሁ? የሙያ ጥያቄ ነው።"

ያቺን ክፍል ያቋቋማት ባለቤቴ ኤይቪን ነው። ከሞተ በመጪው መስከረም ሦስት ዓመት ይሞላዋል። ሰሜንና ደቡብን ስም ያወጣላቸው እሱ ነው። ስለ እሱ እዚህ ብዙ የምለው የለኝም። ማውራት ያለብኝ ስለ ሦስተኛው ማሽን ነው።

ሁለት ማሽኖች ብቻ ቢሆኑና በመካከላቸው ያለው መስመር ቢቋረጥ፣ እያንዳንዱ ሌላው የሞተ ይመስለዋል። ሁለቱም ለየብቻ መሥራት ይጀምራሉ፤ ለአንድ ሕመምተኛም ሁለት የተለያዩ የመድኃኒት ዝርዝሮች ይኖራሉ። ይህ እንዳይሆን ሦስተኛ ድምፅ የሚሰጥ አለ። ምስክር ነው የምንለው። አንድ ዳቦ የሚያህል አሮጌ ኮምፒውተር ነው፤ ምንም መረጃ አይዝም፤ ሥራው "አየሃለሁ፣ አለህ" ማለት ብቻ ነው። ከሦስቱ ድምፅ ሁለቱን ያገኘ ይሠራል። ብቻውን የቀረ ግን በገዛ እጁ ያቆማል። ሌሎቹ ሞተው ይሁን እሱ ራሱ ተቆርጦ ቀርቶ እንደሆነ ማወቅ አይችልምና።

ምስክር ከሁለቱ ርቆ፣ በሌላ የመብራት መስመር ላይ መቀመጥ አለበት። ኤይቪን ወስዶ ከረጅሙ ኮሪደር ወዲያ ጫፍ፣ የሠራተኞች ምግብ ቤት ቁም ሳጥን ውስጥ አስቀመጠው፤ ዋፍል ከሚጋገርበት ጠረጴዛ አጠገብ። ከሶኬቱ በላይ በእጁ የጻፈውን ወረቀት ለጠፈ። "አትንቀሉኝ" ይላል። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የነቀለው ሰው የለም።

ከአርቡ ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ ኦድቫር አንድ ነገር አነሳ።

"ምስክርን ከዚያ ብናነሳው ምን ይመስልሻል? መንገዱን ተሻግሮ እሳት አደጋ ጣቢያው አለ። መስመራችን እዚያም ገብቷል። መደርደሪያ እንሰጣችኋለን ብለውኛል፤ ያውም ከጀኔሬተር ጋር።"

"ዘጠኝ ዓመት ምንም አልሆነም" አልኩት።

ይህ እውነት ነበር፤ ምክንያቴ ግን እሱ አልነበረም። ኦድቫር ፊቴን አየት አደረገ፤ ጉልበቱን አሸት አሸት አድርጎ ወሬውን ወደ ዓሣ ማጥመድ አዞረው።

ሥራውን በአሥራ አራት ደረጃ ከፋፍዬ በአንድ ገጽ ጻፍኩት። በመለማመጃ ማሽኖች ላይ አራት ጊዜ ሞከርነው። አራቱንም ጊዜ የቆመው ከአሥራ ሁለት ሰከንድ በታች ነበር።

አርብ ዕለት ሲኔቫ በጠዋቱ ጀልባ መጣች። በበራችን ስትገባ ጎንበስ ያለች ረጅም ሴት ናት። ትንሽ ኮምፒውተሯን ጠረጴዛችን ላይ ከፈተች። ፕሮግራሙ በየሰከንዱ "አለህ?" እያለ የመረጃ ቋታችንን ይጠይቃል። መልስ ካገኘ ስክሪኑ አረንጓዴ ነው። ካጣ ይቀላና መቁጠር ይጀምራል።

"እንግዲህ" አለች፤ "የሚቆጥረው እሱ ነው። እኔ ብቆምም ባልቆምም ለውጥ የለውም።"

ይህን የሰማችው ቦርግሂል ናት። ቦርግሂል ሰባ አራት ዓመቷ ነው። አርባ ዓመት በነርስነት አገልግላ ጡረታ ወጥታለች፤ አርብ አርብ ግን ዋፍሉን የምትጋግረው አሁንም እሷ ናት። እንግዳ መምጣቱን ሰምታ ከነሽርጧ በራችን ላይ ቆማ ነበር።

"ከጀልባ የወረደ ሰው ባዶ ሆዱን ኮምፒውተር ላይ አያፈጥም። ነይ ከኔ ጋር።"

"ለሥራ ነው የመጣሁት" አለች ሲኔቫ።

"ሥራውን እነሱ ይሥሩት። አንቺ አላየሽም እንዴ፣ ቆጣሪው እንኳን ሰው አያስፈልገኝም እያለሽ ነው።"

ክንዷን ይዛ ወሰደቻት።

በዚያን ሰዓት የሚሠራው ሰሜን ነበር። ደቡብን ከጥምረቱ አውጥተን አዲሱን ስሪት ጫንንበት። ሰሜንና ምስክር ሁለት ድምፅ ስለሆኑ ማንም ምንም አልተሰማውም። አምስት ሰዓት ላይ አረንጓዴዋ መስመር እንደ ልማዷ ወደቀች። አምስት ሰዓት ከአራት ደቂቃ ላይ ሰሜን ሥራውን ለደቡብ እንዲያስረክብ አዘዝኩ።

ስክሪኑ ቀላ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ዘጠኝ ላይ አረንጓዴ ሆነ።

"ዘጠኝ!" ኦድቫር ጠረጴዛውን በጥፊ መታው። "ሃምሳ አንድ ተረፈን! ምን እንግዛበት?"

"ዝም በልና ሰሜንን አውጣልኝ።"

ከባዱ አለፈ ብለን ነበር። አሁን ሰሜንን ማሻሻል ብቻ ቀረ። ሃያ ደቂቃ ይፈጃል፤ እስከዚያ ደቡብና ምስክር ይሠራሉ። የተጠበሰ ቅቤና የሄል ሽታ በኮሪደሩ በኩል እየመጣ ነበር። ወዲያ ማዶ ሰው ይሳሳቃል።

"አንድ ላምጣልሽ?" አለ ኦድቫር። "በቡናማው አይብ ወይስ በማርማላታ?"

"ደረጃ አሥራ አራት ላይ።"

"አሁን ዘጠኝ ላይ ነን እኮ!"

"ቆጠራ ታውቃለህ።"

"አይ አንቺ ሴትዮ። ከምን እንደሠሩሽ እንጃ፤ ሲሚንቶ ሳይገባበት አልቀረም።"

አምስት ሰዓት ከአሥራ ሦስት ደቂቃ ላይ የኮሪደሩ ጫፍ ጨለመ። በዚያው ቅጽበት ስክሪኑ ቀላ። አሥር፣ አሥራ አንድ፣ አሥራ ሁለት።

የደቡብን መዝገብ ከፈትኩ። የመጨረሻዋ መስመር እንዲህ ትላለች፦ ከሦስት ድምፅ አንድ ብቻ፤ አቆማለሁ።

"ምስክር!" አለ ኦድቫር። "ምስክር ጠፋ! አስገድጂው፣ ቶሩን! ደቡብን አስገድጂው!"

ትእዛዙን አውቀዋለሁ። ብቻውን የቀረን ማሽን "ድምፅ ባይኖርህም ሥራ" የሚል ነው፤ በአምስት ሰከንድ ይነሣል። ጣቶቼ ፊደሎቹ ላይ ነበሩ። ነገር ግን ሰሜን አዲሱን ስሪት እየጫነ መሀል ላይ ነው፤ በየትኛዋም ደቂቃ ራሱን አጥፍቶ ይነሣል። ደቡብን አስገድጄ ሳሠራው፣ ሰሜን ተነሥቶ ከተመለሰው ምስክር ጋር ቢገናኝ፣ ሁለት ድምፅ አለኝ ብሎ በአሮጌው መረጃ ሥራ ሊጀምር ይችላል። ሁለት ዝርዝር ይሆናል። አንድ ደሴት ላይ አንድ ሽማግሌ የጠዋት ኪኒኑን ማታ ሊደግመው ይችላል።

አሥራ አራት ይላል ቆጣሪው።

እጄን አነሣሁ። ከዚያ በዚህ ቢሮ ውስጥ አድርጌው የማላውቀውን አደረግሁ፤ ኮሪደሩ ላይ ወጥቼ ጮህኩ።

"ቦርግሂል! አንዱን ንቀይ!"

"ምኑን?"

"መጋገሪያውን! ስንት ነው የሰካሽው?"

"ሁለት ነዋ! እንግዳ መጥቶ!"

"አንዱን ንቀይና ብሬከሩን መልሺ!"

"ሊበስል እኮ ነው!"

"ቦርግሂል፣ ንቀይው!"

አንድ ነገር ሲንኳኳ ተሰማ። ከዚያ፣ "ነቀልኩት! ብሬከሩ ጋ ግን አልደርስም! ወንበሩን የት አደረጋችሁት?"

"እኔ እደርሳለሁ" የሚል ሌላ ድምፅ ተከተለ። የሲኔቫ ነው።

መብራቱ ተመለሰ። ቆጣሪው ሃያ ሰባት ላይ ነበር። አሁን ምስክር ራሱ መነሣት አለበት፤ አሮጌ ስለሆነ ቀስ ብሎ ነው የሚነቃው። ግማሽ ደቂቃ ያህል። ሃያ ሰባትና ግማሽ ደቂቃ ስንት እንደሆነ ሁለታችንም ደምረናል።

ስልኩ ጮኸ። ኦድቫር አነሣው፤ እኔም እንድሰማ አደረገው።

"ቬጋር ነኝ፣ ከሄስቶያ። ስክሪኔ ደርቆ ቀረ።"

ቬጋር የደሴቷ ነርስ ነው።

"ሕመምተኛ ጋ ነህ?" አለው ኦድቫር። ድምፁ ሌላ ሆኗል።

"አይ፣ ቤት ነኝ። ሊጥ እያማሰልኩ ከሰዓት በኋላ ማን ጋ እንደምሄድ ልይ ብዬ ነው።"

ኦድቫር ዓይኑን ጨፍኖ ተነፈሰ።

"በሊጥ እጅህ ታብሌት ትነካለህ? ደንብ ልጥቀስልህ?"

"በአንድ ጣት ነው።"

"ስማኝ፣ ጋግር። ሁለት ብላና ከዚያ እየው።"

"ሁለት?"

"ሁለት። ይሄ የሙያ መመሪያ ነው።"

አርባ አራት። አርባ አምስት። ስልኩን ዘጋው። እኔ የማደርገው ነገር አልነበረኝም። ደረጃዎቼን የጻፍኩበት ወረቀት ፊት ለፊቴ ነበር፤ "ጠብቂ" የሚል ደረጃ ግን አልጻፍኩበትም። ሃምሳ። ሃምሳ አንድ። ኦድቫር ትከሻዬን ያዘ። ሃምሳ ሦስት።

ሃምሳ አራት ላይ ስክሪኑ አረንጓዴ ሆነ።

የደቡብን መዝገብ አየሁ፦ ከሦስት ድምፅ ሁለት፤ ሥራ ቀጥሏል። አምስት ሰዓት ከሃያ ስድስት ላይ ሰሜንም አዲሱን ስሪት ይዞ ተነሣ፤ የጎደለውን ገለበጠና ተራውን ሊጠብቅ ከደቡብ ጎን ቆመ። ሦስት ድምፅ። ደረጃ አሥራ አራት።

ኦድቫር በደህናው እግሩ ዞረ። ጭፈራ መሆኑ ነው።

ምግብ ቤቱ ስንደርስ ቦርግሂል መጋገሪያውን እንደ ታመመ ድመት ደረቷ ላይ አቅፋ ቆማለች። ሃልቫርድ ከጎኗ ነው፤ ፊቱ ላይ ደም የለም።

"ወረቀቱን አልነካሁም!" አለችኝ ገና ስታየኝ። "ዘጠኝ ዓመት ስጠነቀቅለት! ከጎኑ ባለው ሶኬት ነው የሰካሁት። ለእንግዳዋ ቶሎ እንዲደርስ ብዬ ሁለተኛውን ከቤቴ አምጥቼ።"

እውነቷን ነው። ምስክር ከነገመዱ በቦታው ነበር። ሁለት መጋገሪያና እሱን አንድ መስመር መሸከም አቅቶት ብሬከሩ ወደቀ።

"ስንት?" አለ ሃልቫርድ።

"ሃምሳ አራት" አለ ኦድቫር።

ሃልቫርድ ወንበር ፈልጎ ተቀመጠ።

ሲኔቫ ማስታወሻ ደብተሯን አወጣች። "በመጀመሪያ አንድ ነገር ላስመዝግብ። ብሬከሩን የመለስኩት እኔ ነኝ። ፈታኝ ተፈታኝን አገዘ ሊባል ይችላል።"

"ጨለማ ውስጥ ዝም ብለሽ ብትቆሚማ ኖሮ፣ አውራጃው ምን ዓይነት ሰው ነው የላከብን እንል ነበር!" አለች ቦርግሂል።

ሲኔቫ ሳቋን ዋጠች። ወደ እኔ ዞረች። "ሁለተኛው መቆም ምክንያቱ ምንድን ነው?"

"እሱ እንኳ የኤሌክትሪኩ..." ብሎ ኦድቫር ጀመረ።

"እኔ ነኝ" አልኩ። "ይህ ማሽን ከሁለት ሳምንት በፊት ከዚህ መነሣት ነበረበት። ኦድቫር ነግሮኛል፤ ቦታም አግኝቶ ነበር። እምቢ አልኩት።"

"ለምን?"

"ቦታውን ለምጄው ነበር።"

ቁም ሳጥኑን አየች፤ ከሶኬቱ በላይ ያለውን ቀለሙ የደበዘዘ ወረቀትም አየች። ሌላ አልጠየቀችኝም። የተናገርኩትን እንዳለ ጻፈች።

"ደቡብን ማስገደድ ትችይ ነበር" አለች ከዚያ። "አሥራ ዘጠኝ ሰከንድ ላይ ይነሣልሽ ነበር። ለምን ተውሽው?"

"የምንጠብቀው ዝርዝሩን ነው፤ ሰከንዱን አይደለም።"

ይህንንም ጻፈች። "ሃምሳ አራት ከስድሳ ያንሳል። ሰኞ የማቀርበው ይህን ነው። ክፍሉ እዚሁ ይቀራል።" ደብተሩን ዘጋችው። "አሁን ያ ሊበስል የነበረው ዋፍል የት ደረሰ?"

መጀመሪያ የሳቀችው ቦርግሂል ናት፤ ከዚያ ሁላችንም። ሃልቫርድ እንኳ ፊቱን በመዳፉ ሸፍኖ ትከሻው ይርገበገብ ነበር። መጋገሪያው ሲከፈት ዋፍሉ ግማሹ አሮ ግማሹ ጥሬ ነው። ኦድቫር የሚገባኝ እሱ ነው ብሎ ወሰደው፤ በላዩ ላይ አይብ ከምሮ ጨረሰው። እኔ በማርማላታ ሦስት በላሁ። አምስት ሰዓት ተኩል ሲሆን ነርሶቹ ወደ ሥራቸው ተመለሱ፤ ማንም ደውሎ የጠየቀን የለም። ቬጋር ብቻ አጭር መልእክት ላከ፦ "አራት በላሁ። ስክሪኑ ሠራ።"

ከሰዓት በኋላ ኦድቫርና እኔ ምስክርን ተሸክመን መንገዱን ተሻገርን። የእሳት አደጋ ሠራተኞቹ መደርደሪያውን ወልውለው ጠብቀውናል። እዚያ ሰክተን አስነሣነውና እስኪነቃ ቆመን ጠበቅን። ሃያ ሰባት ሰከንድ።

ስመለስ ወረቀቱ ባዶ ሶኬት ላይ ቀርቷል። ጥፍሬን ከፕላስተሩ ሥር አስገብቼ ቀስ ብዬ ላጥኩት። አልተቀደደም። ልከተው ቦርሳዬን ከፍቼ ነበር። ከዚያ ቦርግሂል አጥባ ያደረቀችውን መጋገሪያ አየሁ። ወረቀቱን በገመዱ ላይ፣ ከሶኬት የሚገባው ጫፍ አጠገብ ጠምጥሜ ለጠፍኩት።

ቦርግሂል እጇን በሽርጧ እየጠረገች መጥታ አነበበችው።

"የኤይቪን ጽሑፍ ነው።"

"አዎ።"

"ይገባዋል" አለች። "አርብ አርብ አራት ነበር የሚበላው።"

"አምስት" አልኳት። "አንቺ ዞር ስትዪ ነው አምስተኛውን የሚያነሣው።"

"ሌባ!" አለች ቦርግሂል፤ ሁለታችንም ሶኬቱ አጠገብ ቆመን ሳቅን።